ሁለት ዛፍ ላይ የወጣው ሰይፈኛ

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ይላሉ አበው። በጠረጴዛ ዙሪያ በሚካሄዱ የሚና ጨዋታዎች ውስጥ ግን ሁለቱም ዛፍ ላይ ካልወጣሁ የሚል ገጸ ባሕርይ አለ። ሰይፍ ይመዛል፣ አስማትም ይሠራል። የጨዋታ ደንብ አውጪዎች ይህንን ሰው ሲያፈርሱና ሲሠሩት ሃምሳ ዓመት ሆኗቸዋል። ልፋታቸው ልጆች ለሚያሳድግ ሰው የሚጠቅም ትምህርት አለው።

ከእነዚህ ጨዋታዎች በጣም የታወቀው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 አወጡት። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ይከብባሉ። አንዱ አጫዋች ሆኖ ታሪኩን ይተርካል፤ ሌሎቹ በታሪኩ ውስጥ አንድ አንድ ሰው ሆነው ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ። ይሳካላቸው እንደሆነ ዳይስ ይወስናል። ወረቀት፣ እርሳስና ዳይስ ካለ ስልክም ቴሌቪዥንም አያስፈልግም።

እያንዳንዱ ሰው ሙያ አለው። ተዋጊው ጥሩር ለብሶ ከፊት ይቆማል። አስማተኛው ብዙ ያውቃል፤ ግን በትንሽ ምት ይወድቃል። ስለዚህ አንዱ ያለ ሌላው አይሆንለትም።

ሁለቱንም የያዘ ሰው ሲመጣ ግን ሚዛኑ ይናጋል። በሁለቱም ከበረታ ሌሎቹ ልጆች ተመልካች ሆነው ይቀራሉ። ግማሽ ግማሽ ከተሰጠው ደግሞ በሰይፉ ከተዋጊው፣ በአስማቱ ከአስማተኛው እያነሰ የያዘውን ልጅ ያሰለቻል።

በ1974ቱ ደንብ «ኤልፍ» የተባለው ወገን አንድ ቀን ተዋጊ፣ ሌላ ቀን አስማተኛ መሆን ይችል ነበር፤ በአንድ ጨዋታ መሃል መለወጥ ግን ክልክል ነው። በ1981 የወጣው የጀማሪዎች እትም ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ፈቀደለት፤ ዋጋውን ግን በትዕግሥት አስከፈለው። ተዋጊው 2ኛ ደረጃ ለመድረስ 2,000 የልምድ ነጥብ ሲበቃው ኤልፉ 4,000 ያስፈልገው ነበር።

በ2014ቱ እትም «ኤልድሪች ናይት» የተባለ፣ ጥቂት አስማት የሚማር ተዋጊ መጣ። 11ኛ ደረጃ ላይ ሲደርስ በአንድ ተራ ሦስት ጊዜ በሰይፍ ይመታል። ቀላል አስማት ከሠራ ግን አንድ ምት ብቻ ይቀርለታል። አስማቱ ከሚሰጠው ይልቅ የሚያስቀርበት ስለሚበልጥ፣ ብዙ ጊዜ ሰይፉን ብቻ ማወዛወዝ ይሻለዋል። በ2024 ደንቡ ተሻሻለ። አሁን ከሦስቱ ምቶች አንዱን በቀላል አስማት ይተካል፤ ሁለቱ ምቶች ይቀሩለታል። የአስማቱ ብዛት ግን አሁንም ከአስማተኛው በእጅጉ ያንሳል። ሁለቱ ችሎታዎቹ በአንድ ተራ አብረው እንዲሠሩ ተፈቀደለት፤ የአስማተኛው ወንበር ግን አልተነካም።

ልጃችሁ ወይም የልጅ ልጃችሁ «እኔ የራሴን ሰይፈኛ አስማተኛ እሠራለሁ» ብሎ ወረቀት ይዞ ቢመጣ፣ ሦስት ጥያቄ ጠይቁት። ምን ይችላል? ለዚህ ምን ይከፍላል? ከጎኑ ለተቀመጠው ልጅ ምን ሥራ ይተርፈዋል? ልጆች የመጀመሪያውን ለመመለስ አፍታ አይፈጅባቸውም። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ዝም ይላሉ፤ ማሰብ የሚጀምሩት እዚያ ላይ ነው። ከዚያ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጥ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ተጫውተው ይሞክሩት። ደንቡ ደህና መሆኑን የሚመሰክረው ከጎኑ የተጫወተው ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ይሁን። ታናሹ ተራው እስኪደርስ የሚያዛጋ ከሆነ ደንቡ ገና አልበሰለም ማለት ነው።

«አስማት» የሚለው ቃል ቅር የሚያሰኛቸው አያቶች ይኖራሉ። በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥም ብዙ ወላጆች በዚህ ጨዋታ ሰግተው ነበር። በጨዋታው አስማት የሚባለው ወረቀት ላይ የሰፈረ ደንብና ቁጥር ነው፤ በተረት ውስጥ እንደሚናገረው አንበሳ ያለ ነገር ነው። ቃሉ ከከበዳችሁ «ጥበብ» ብላችሁ ጥሩት፤ ጨዋታው አይጎድልበትም። ከሁሉ የሚሻለው አንድ ምሽት አብሮ ተቀምጦ ማየት ነው። ተረት የሚያውቅ አያት ደግሞ ከማንም የተሻለ አጫዋች ይወጣዋል። ዳይሱን ልጆቹ ይወርውሩ፤ ታሪኩን እርስዎ ይንገሩ።