ቤንዚን ሲሸት፦ ሳይቃጠል በቅጠል

በጦር ሰፈር የሚኖር ቤተሰብ ስለ እሳት አደጋ ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰበው የጥይት መጋዘኑና የነዳጅ ማደያው ነው። ለእነዚህ ዘብ ቆሞላቸዋል፤ አጥር ታጥሮላቸዋል፤ «ሲጋራ ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያም ተለጥፎላቸዋል። ከወጥ ቤቱ ጎን በቆርቆሮ በተሠራ ማደሪያ ውስጥ የምታድረው አሮጌ መኪና ግን ከቤተሰቡ አፍንጫ በቀር ሌላ ዘብ የላትም። ስለሆነም ይህ ዘብ ሲጣራ ምን መደረግ እንደሚገባው ለሠራዊቱ አባላትና ለባለቤቶቻቸው ማስረዳትን የዛሬው ጽሑፋችን ተግባር አድርገነዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ የቤንዚንን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የሚነደው ፈሳሹ ሳይሆን ከፈሳሹ የሚነሣው ተን ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚደርስ ብርድ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ተን ይሰጣል። ተኑ ከአየር ከ3 እስከ 4 እጥፍ ስለሚከብድ እንደ ጢስ ወደ ላይ አይወጣም፤ እንደ ውሃ ዝቅ ያለውን ስፍራ ተከትሎ በወለሉ ላይ ይሳባል፤ በበር ሥርም ሾልኮ ይገባል። ከአየሩ ውስጥ ከመቶ 1.4 እጅ ያህል ከሆነ ደግሞ አንዲት ፍንጣሪ ትበቃዋለች። ቡና የሚፈላበት የከሰል ምድጃ የሚቀመጠው የት ነው? እዚያው ወለሉ ላይ፣ ልጆች በሚቀመጡበት ከፍታ ነው። የቤንዚን ሽታ ጉዳይ የመኪና ጉዳይ ብቻ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በብዙ ቤት እንዲህ የሚል ንግግር ይሰማል። ባለቤቲቱ ከገበያ ተመልሳ፣ «ዛሬም ቤንዚን ይሸታል» ትላለች። ባል ከመኪናው ሥር ሆኖ፣ «መኪና ባለበት ቤንዚን ሳይሸት ሊቀር ነው? እኔ ምንም አይሸተኝም» ይላል። ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነው። የሰው አፍንጫ በአንድ ሽታ መካከል ጥቂት ደቂቃዎች ከቆየ ይለምደውና መለየቱን ይተዋል። ስለዚህ «ይሸታል» በሚልና «አይሸትም» በሚል መካከል ክርክር ሲነሣ መታመን ያለበት ከንጹሕ አየር የገባው ሰው ነው። ለብዙ ሰዓት ከሞተር ጋር የቆየ ሰው፣ ሙያው የቱን ያህል ከፍ ቢል፣ በዚያች ሰዓት አፍንጫው ምስክር ሊሆን አይችልም።

ሽታው እንደተሰማ ልጆችን ማራቅ፣ በሩን መክፈት፣ በአቅራቢያ ያለውን ከሰልና የላምባ ምድጃ ማጥፋት ይገባል። ሽታው በጠናበት ክፍል የመብራት ማብሪያ አይነካም፤ ሲበራም ሲጠፋም ፍንጣሪ ይሰጣልና። የመኪናዋም ሞተር አይነሣም። ማርሹን ዜሮ አድርጎ፣ ጎረቤት ጠርቶ፣ በእጅ እየገፉ ወደ ሜዳ ማውጣት ነው። የፈሰሰውን በደረቅ አፈር ማልበስ እንጂ በውሃ ወደ ቦይ መስደድ አደጋውን ለጎረቤት ማውረስ ነው። ክብሪት፣ ሻማ ወይም ኩራዝ አብርቶ መፈለግ ደግሞ ከቶ የማይታሰብ ነው፤ የእጅ ባትሪም ቢሆን ውጭ በርቶ ይገባል።

መኪናዋ ወጥታ፣ ቤቱ ተናፍሶ፣ ሽታው እንደገና ከመጣ ምንጩ ሌላ ነው። ነዳጅ በጠፋበት ጊዜ ተገዝቶ ጥግ የተቀመጠ የፕላስቲክ ጀሪካን፣ ወይም እጅና ዕቃ የተጠረገበት ጨርቅ ሊሆን ይችላል። ቤንዚን በመኖሪያ ቤት ውስጥ አይቀመጥም።

ምንጩ መኪናዋ ከሆነች ፍለጋው ሥርዓት ይኑረው። ለአብነት በአገራችን ብዙ ቤተሰብ ያገለገለችውን ቮልስ እንውሰድ። የዚህች መኪና ቤንዚን ማጠራቀሚያ ከፊት ኮፈን ሥር፣ ሞተሯ ደግሞ ከኋላ ነው። ቤንዚኑ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ በመካከለኛው የወለል ዋሻ ውስጥ በቀጭን የብረት ቱቦ ይጓዛል፤ በሁለቱ ጫፎች ላይ በጎማ ቱቦ ይያያዛል። የመጨረሻዋ የጥንቷ ቮልስ በሜክሲኮ አገር ከፋብሪካ የወጣችው በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ጎማው ተለውጦ የማያውቅ ከሆነ ታናሺቱ እንኳ ከ20 ዓመት በላይ ያረጀ ጎማ ይዛለች ማለት ነው።

መጀመሪያ የሚጠየቀው «መቼ ይሸታል?» የሚለው ነው። ቤንዚን በተሞላ ማግስት ብቻ ከሆነ ጥፋቱ ከማጠራቀሚያው ላይኛ ክፍል ነው፦ የክዳኑ ጎማ፣ የመሙያው አንገት፣ የመተንፈሻው ቱቦ፣ ወይም የመጠን ጠቋሚው ጓርኒሲዮን። ቤንዚን ሲሞቅ ይሰፋል፤ 40 ሊትር ያህል የሚይዘው የቮልስ ማጠራቀሚያ በደብረ ብርሃን ብርድ እስከ አፉ ተሞልቶ በአዋሽ ሙቀት 15 ዲግሪ ቢጨምር ከግማሽ ሊትር የሚበልጥ ትርፍ መውጫ ይፈልጋል። ስለዚህ እስከ አፍ መሙላት ተገቢ አይደለም።

ሞተር ሲሠራ ወይም እንደጠፋ የሚብስ ከሆነ ወደ ኋላ እንሄዳለን። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ከቤንዚን ፓምፑ እስከ ካርቡሬተሩ ያለው ቱቦ ይፈተሽ፤ ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ፣ ሲጨበጥ የሚያረጥብ ወይም ፋሼታው የላላ ከሆነ ምንጩ ተገኘ። ካርቡሬተሩ ውስጥ የሚገባው የናስ ቱቦም ላልቶ እንዳይሆን በእጅ ይሞከር። ቀጥሎ የዘይት መለኪያው ዘንግ ተስቦ ይሸተት፤ ዘይቱ ቤንዚን ከሸተተና መጠኑ ከጨመረ የፓምፑ ዲያፍራም ተቀድዶ ሊሆን ይችላልና መኪናዋ አትንቀሳቀስ። ምንም ካልተገኘ ከቤት ርቃ በቆመችበት ከሥሯ ንጹሕ ካርቶን ዘርግቶ ማሳደር ነው፤ ጠብታው የወደቀበት ቦታ ጠዋት ይናገራል።

የተበላሸ ቱቦ በሳሙና፣ በማስቲካ ወይም በፕላስተር አይጠገንም። የአትክልት ውሃ ቱቦም ምትክ አይሆንም፤ ለነዳጅ የተሠራ ቱቦ ነው የሚገዛው። በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከቤንዚን ጋር ከመቶ 5 እጅ ኢታኖል መቀላቀል ተጀምሮ ነበር፤ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 ከፍ ብሏል። እንዲህ ያለው ድብልቅ በጥንት ዘመን የተሠራን ጎማ ፈጥኖ ይጎዳል። ለጥገና ቤንዚን መቅዳት ሲያስፈልግ በአፍ አይሳብ፤ ወደ ሳንባ ከገባ ሕይወትን ለአደጋ ያጋልጣል። ከኋላ ወንበር ሥር ያለው የባትሪ ሽቦም የሚፈታው መኪናዋ ሜዳ ላይ ሆና ተኑ ከጠፋ በኋላ ነው።

እሳት ከተነሣ ውሃ አይደፋበት። ቤንዚን በውሃ ላይ ተንሳፍፎ እሳቱን ያሰፋል፤ የቮልስ ሞተር አካል ማግኒዚየም ያለበት ብረት ስለሆነ ከጋለ በኋላ ውሃ ሲነካው ይብስበታል። የዱቄት ማጥፊያ ወይም ደረቅ አሸዋ በመኪና ማደሪያው በር ላይ፣ ከውጭ በኩል ይቀመጥ። እሳቱ ከበረታ ንብረቱን ትቶ ሰውን ማዳን ነው።

በግዳጅ ላይ ያለ ወታደር ልቡ የሚያርፈው ቤቱ ደኅና መሆኑን ሲያውቅ ነው። እርሱ በሌለበት ሽታውን የምትሰማው ባለቤቱ ናት። ስለሆነም አባወራው ከመሄዱ በፊት መኪናዋ እንዴት ዜሮ ማርሽ እንደምትገባ፣ የእጅ ፍሬኗ እንዴት እንደሚለቀቅና ለመግፋት ማን እንደሚጠራ ያሳያት። ማሳየቱ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። «ይሸታል» ባለች ጊዜም «ለምደሽዋል» ወይም «ይመስልሻል» አይበላት፤ ተነሥቶ በሩን ይክፈት።