መርከብ ዳገት አይወጣም

የዛሬው ጥያቄ በባሕር የመጣ ወራሪ ስለምን ይሸነፋል የሚል ነው።

እኛ ዘንዘልማ ያለን ሰዎች የደንገል ታንኳን እናውቃለን። ታንኳ ጭነቱን ዳር ድረስ ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የጀርባ ሥራ ነው። መርከብም ያው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1274 እና በ1281 የሞንጎሉ ንጉሥ ኩብላይ ካን ጃፓንን ሊወር መርከብ ሰደደ። ሞንጎሎች የፈረስ ጦረኞች ናቸው፤ መርከቡን ያሠሩት በግድ የገዟቸውን የኮርያና የቻይና ሰዎች ነው። በሁለተኛው ጊዜ ጃፓኖች ጠረፉ ላይ በድንጋይ ግንብ አገዷቸው፤ ማዕበልም መጥቶ መርከቦቹን ሰባበራቸው።

የግብፁ ገዥ ከዲቭ እስማኤል ግን ባሕሩ አልከፋበትም። ምጽዋን ከ1865 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይዟል። ምኞቱ የቀይ ባሕርን ጠረፍና የዓባይን ሸለቆ ጠቅልሎ መግዛት ነበር፤ ባሕር ዳር ለመሄድ ድልድዩን ስትሻገሩ የምታዩትን ውኃ ጭምር ማለት ነው። ጦሩ በደኅና ወረደ። ታዲያ ችግሩ የት ጀመረ? ከምጽዋ ወደ ደጋው የሚያወጣው መንገድ ገደላገደል ነው። ጥይቱም ስንቁም በዚያ ዳገት በከብት ጀርባ ይጫናል። ጦሩ በገፋ ቁጥር ስንቁ ይርቀዋል።

መጀመሪያ የመጣውን ጦር የመራው አረንድሩፕ የሚባል የዴንማርክ መኮንን ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ህዳር 7 ቀን 1868 ዓ.ም. ጉንደት ላይ ደመሰሱት፤ አረንድሩፕም እዚያው ሞተ። እስማኤል እልህ ያዘው። ከ10 ሺህ የሚበልጥ ጦር ላከ፤ ጉራ ላይም ምሽግ ሠሩ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ! አዛዡ ራቲብ ፓሻ፣ ኤታማዦሩ ደግሞ ሎሪንግ የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ ሁለቱ አይስማሙም። ራቲብ ከምሽጉ አንውጣ ሲል ሎሪንግ እንውጣ ይላል። በዚያው ዓመት የካቲት 29 ቀን ወጡ፤ ተከበቡ፤ አለቁ። በማግሥቱ የኛ ሰዎች ምሽጉን ሊሰብሩ ሞክረው ብዙ ሰው አልቆባቸዋል፤ ይህንም መሸሸግ አይገባም። ምሽጉስ ጠንካራ ነበረ፤ የጎዳቸው መውጣታቸው ነው።

ግብፅ በ1876 እ.ኤ.አ. ዕዳዋን መክፈል አቃታት፤ እስማኤልም በ1879 ከሥልጣን ወረደ። ምጽዋ ግን በግብፅ እጅ ቆየች፤ አፄ ዮሐንስ መርከብ አልነበራቸውማ! በ1885 ጣልያን ገባባት።