መጀመሪያ የሚቆለፈው የቱ ነው?

ፋይል ከአንድ ፎልደር ወደ ሌላ ስናዛውር፣ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ሥራው እስኪያልቅ ሁለቱንም ፎልደሮች ይቆልፋል። ባይቆልፍ ሌላ ፕሮግራም በመሃል ገብቶ የፋይሎቹን ዝርዝር ሊያበላሸው ይችላል። ችግሩ ቁልፉም የራሱን አደጋ ይዞ መምጣቱ ነው። አንዱ ፕሮግራም ከ«ሀ» ወደ «ለ»፣ ሌላው ከ«ለ» ወደ «ሀ» በአንድ ጊዜ ያዛውራሉ እንበል። የመጀመሪያው «ሀ»ን ይዞ «ለ»ን ይጠብቃል፤ ሁለተኛው «ለ»ን ይዞ «ሀ»ን ይጠብቃል። የያዘውን የሚለቅ ስለሌለ ሁለቱም እንደቆሙ ይቀራሉ። ተራ ፕሮግራም እንዲህ ሲደርቅ በከርነሉ በኩል መዝጋት ይቻላል፤ ከርነሉን የሚዘጋ የበላይ ግን የለም፣ አብዛኛውን ጊዜ መፍትሔው ማሽኑን አጥፍቶ ማብራት ነው። ሊኑክስ ለዚህ ቁርጥ ያለ ሕግ አለው፦ አንዱ ፎልደር በሌላው ውስጥ ከሆነ የላይኛው ይቀድማል፤ በአንድ ፋይል ሲስተም ላይ ከፎልደር ወደ ፎልደር የሚደረግ ዝውውርም በተጨማሪ ቁልፍ ተራ በተራ እንዲሆን ይደረጋል።

በእኔ እምነት የቁልፍ ደኅንነት የሚመጣው ከፕሮግራመሩ ንቃት ሳይሆን ከእንዲህ ያለው የተጻፈ ቅደም ተከተልና ሕጉ መከበሩን ከሚፈትሽ መሣሪያ ነው። ቁልፎችን በተገላቢጦሽ የሚይዙ ሁለት የኮድ ክፍሎች ለየብቻ ሲነበቡ እንከን የለባቸውም፤ የጻፏቸውም ምናልባት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። ግጭቱ የሚፈጠረው ሁለቱ በማይክሮሰከንድ ልዩነት ሲገናኙ ብቻ ስለሆነ ሺህ ጊዜ የተሳካ ሙከራ ብዙም አያረጋግጥም። ለምሳሌ «ደርቲ ካው» የተባለው የሊኑክስ ቀዳዳ ተራ ተጠቃሚ እንዲያነብ ብቻ በተፈቀደለት ፋይል ላይ እንዲጽፍ ያስችል ነበር፤ የሁለት ሥራዎች እሽቅድምድም የፈጠረው ይህ ስህተት እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ኖሮ የተደፈነው በ2016 ነው። ኢንተራፕት፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን ከሥራው የሚያቋርጥ የሃርድዌር ጥሪ፣ ሲጨመር ነገሩ ይብሳል። ፕሮሰሰሩ ቁልፍ እንደያዘ የኔትወርክ ካርዱ ጥሪ ቢያቋርጠውና ጥሪውን የሚያስተናግደው ኮድ ያንኑ ቁልፍ ቢፈልግ፣ ፕሮሰሰሩ ራሱን ሲጠብቅ ይኖራል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቁልፍ ከመያዙ በፊት በዚያ ፕሮሰሰር ላይ ኢንተራፕት ይዘጋል።

ኢንጎ ሞልናር እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ ሊኑክስ ያስገባው «ሎክዴፕ» የተባለ መፈተሻ መሣሪያ ዋጋው እዚህ ላይ ይታያል። ከርነሉ ሲሠራ የትኛው የቁልፍ ዓይነት ከየትኛው በፊት እንደተያዘ ይመዘግባል። ዛሬ «ሀ» ከ«ለ» ቀድሞ፣ ነገ በሌላ ቦታ «ለ» ከ«ሀ» ቀድሞ ቢያዝ፣ ማሽኑ አንድም ጊዜ ባይደርቅ እንኳ ያስጠነቅቃል። የተከለከለው ቅደም ተከተል መታየቱ ብቻ ይበቃዋል፤ መጥፎውን አጋጣሚ አይጠብቅም።

ታዲያ ለምን አንድ ትልቅ ቁልፍ አይበቃም? የሚል ይኖራል። ሊኑክስ ሞክሮታል። ባለብዙ ፕሮሰሰር ማሽኖችን መደገፍ በጀመረበት እ.ኤ.አ. በ1996 ለከርነሉ በሙሉ አንድ ቁልፍ ነበረው፤ ቀላል ነበር፣ ግን አንዱ ፕሮሰሰር ከርነል ውስጥ ሲገባ ሌሎቹ በር ላይ ይሰለፉ ነበር። ያንን ቁልፍ ነቅሎ ለመጨረስ እስከ 2011 ፈጅቷል። ያለ ቁልፍ መሥራትስ? አርሲዩ የሚባለው ዘዴ አንባቢዎችን ከቁልፍ ነጻ ያወጣል፤ ጸሐፊዎች ግን እርስ በርሳቸው አሁንም መጠባበቅ አለባቸው። ረስት የተባለው ቋንቋ ደግሞ ቁልፉን ሳይዙ መረጃውን መንካት እንዳይቻል ያደርጋል፤ ትልቅ እርምጃ ነው፣ ሆኖም ሁለት ቁልፎችን በተገላቢጦሽ ከመያዝ አያግድም። ጠንካራው ተቃውሞ በሎክዴፕ በራሱ ላይ የሚነሣው ነው፦ ከርነሉን ስለሚያዘገይ በተጠቃሚዎች ማሽን ላይ ብዙውን ጊዜ አይበራም፣ ያልተሄደበትን የኮድ መንገድም አያይም። እውነት ነው። የጉግሉ «ሲዝካለር» የተባለው የሙከራ ፕሮግራም ሎክዴፕ በበራበት ከርነል ላይ በዘፈቀደ የተቀናበሩ የሲስተም ጥሪዎችን ሌት ተቀን የሚያዘንበውም ሰው የማይሄድባቸውን እነዚያን መንገዶች ለመርገጥ ነው።