ጊሌው ያልፋል፣ ጨርቁ ይቆማል

ሰኞ ጠዋት ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ገበያ የወረደ ሰው የአፋር ግመለኛ ሳያይ አይመለስም። ሽርጡን አገልድሞ፣ ጊሌውን ወገቡ ላይ ታጥቆ ከነጋዴው ጋር ዋጋ ይከራከራል። ጊሌ በሁለቱም ጎኑ የተሳለ፣ ቆልመም ያለ ጩቤ ነው፤ ለጌጥ ብቻ አይታጠቁትም። ገበያተኛው ግን ስለቱን ሳይሆን ሰውዬውን ነው የሚያየው፤ ጊሌው የአፋርነቱ ምልክት ነው ብሎ አልፎት ይሄዳል። በዚያው ሰኞ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ወይም ግቢ በር ላይ ክርክር ቢነሳ፣ የክርክሩ መነሻ ስለት አይሆንም። ጨርቅ ነው የሚሆነው፤ የአንዲት ተማሪ ሒጃብ ወይም ኒቃብ።

አማኝ ከአካሉ የማይለየው ነገር በአደባባይ፣ ይልቁንም በመንግሥት በር ላይ፣ እስከ ምን ድረስ ይከበርለታል? ጥያቄው የወሎ ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ ከሁሉ ይልቅ የከረረው ምሳሌው የሲክ እምነት ተከታዮች የሚታጠቁት ኪርፓን ነው። ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ እ.ኤ.አ. በ1699 ፑንጃብ ውስጥ አናንድፑር ላይ ካልሳ የተባለውን የተጠማቂዎች ማኅበር ሲመሠርቱ፣ አባላቱ ከአካላቸው የማይለዩዋቸው አምስት ነገሮች ተደነገጉ። ያልተቆረጠ ጸጉር፣ የእንጨት ማበጠሪያ፣ የብረት አምባር፣ የጥጥ ቁምጣ፣ አምስተኛው ደግሞ ኪርፓን የተባለው አጭር ሰይፍ። ጸጉሩን በጥምጥም ይሸፍኑታል። ኪርፓኑ ለተጠማቂው ሲክ መሣሪያ አይደለም፤ ግፍን ላለመሸሽና ደካማን ለመጠበቅ የገባው ቃል ኪዳን ነው።

ይህን ለማስረዳት አማርኛ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ማተብ አለ። በአንገት ላይ ያለች ቀጭን ክር ናት፣ ዋጋዋ ሳንቲም አይሞላም። ሆኖም «ማተቡን የበጠሰ» የተባለ ሰው ክር ጠፋበት ማለት አይደለም፤ ቃሉን አጠፈ፣ ከሃዲ ሆነ ማለት ነው። ልዩነቱ ማተብ ማንንም አይቆርጥም፣ ኪርፓን ግን ስለት አለው። የሲኮች ጉዳይ ለሌላው ሁሉ መፈተኛ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ስለት የያዘ እምነት መፍትሔ ከተገኘለት፣ ጨርቅ የያዘ እምነት እንዴት ያቅታል?

መፍትሔውም ተገኝቶለታል። የህንድ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ማብራሪያው ኪርፓን መልበስና መያዝ የሲክ እምነት አካል መሆኑን በስም ጠርቶ ደንግጓል። በብሪታኒያ እ.ኤ.አ. የ1988ቱ የወንጀል ሕግ በአደባባይ ስለት መያዝን ሲከለክል፣ በሃይማኖት ምክንያት የሚይዝን ሰው ከክልከላው አውጥቶታል። ብዙ የሚያስተምረው ግን የካናዳው ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ሞንትሪያል ውስጥ የ12 ዓመት ተማሪ ኪርፓኑ በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ወደቀበት። መጀመሪያ ወላጆቹና ትምህርት ቤቱ በሰላም ተስማምተው ነበር፤ ኪርፓኑ በሰገባው ተሰፍቶ ከልብስ ሥር ይሁን ተባለ። የትምህርት ቤቱ ቦርድ ስምምነቱን አፈረሰው፣ ነገሩም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወጣ። ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2006 እ.ኤ.አ. ለልጁ ፈረደ። ዳኞቹ ትምህርት ቤት ውስጥ መቀስም፣ የቤዝቦል ዱላም እንዳለ አስታወሱ። የሲክ ልጆች በካናዳ ትምህርት ቤቶች በተማሩበት 100 ዓመት ገደማ በኪርፓን የተፈጸመ አንድም ጥቃት እንዳልቀረበላቸውም ጻፉ። «አደገኛ ሊሆን ይችላል» የሚለው ግምት ብቻውን አልበቃቸውም፤ የሚከለክለው አካል ማስረዳት ነበረበት።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን በምድር ላይ ነው። አውሮፕላን ውስጥ ህንድ በአገር ውስጥ በረራዋ የስለቱ ርዝመት እስከ 6 ኢንች የሆነ ኪርፓን ትፈቅዳለች፤ በዓለም አቀፍ በረራ ግን ስለቱ ወደ ጭነት ሻንጣ ይገባል። ሲኮችም በአብዛኛው ይህን ይቀበላሉ። ገደቡ ጠባብ፣ ምክንያቱም ግልጽ ሲሆን እምነት ቦታ ይለቃል ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ አንዱ በሌላው ጣልቃ እንደማይገባ ይናገራል። አንቀጽ 27 ደግሞ ማንም ሰው እምነቱን በግልም ሆነ ከሌሎች ጋር የመግለጽ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ቁልፉ ያለው በንዑስ አንቀጽ 5 ላይ ነው። እምነትን መግለጽ ሊገደብ የሚችለው በሕግ ብቻ ነው፤ ያውም የሕዝብን ደኅንነት፣ ሰላም፣ ጤና፣ ትምህርት፣ የሕዝብን ሞራል ወይም የሌሎችን መብት ለመጠበቅ፣ መንግሥትም ከሃይማኖት ነፃ መሆኑን ለማረጋገጥ አስፈላጊ ሲሆን። እነዚህ ሁለት ቃላት፣ «በሕግ» እና «አስፈላጊ»፣ የማስረዳቱን ሸክም በከልካዩ ላይ ይጭናሉ። ካናዳ የደረሰችበት ቦታ ነው፤ እኛ ጋ ከጅምሩ ተጽፏል።

በር ላይ የሚነበበው ግን ሕገ መንግሥቱ አይደለም፤ መመሪያ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር በ2000 ዓ.ም. በትምህርት ተቋማት ስለሚደረግ አምልኮ ያወጣው መመሪያ ጸጉር መሸፈኛን አልከለከለም፤ ፊት የሚሸፍነውን ኒቃብን ግን ከለከለ፣ በግቢ ውስጥ የሚደረግ የጋራ ስግደትና ጸሎትንም አገደ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ተቋም የራሱን የሥነ ምግባር ደንብ ያወጣል፣ ደንቡን ዲን ይተረጉመዋል፣ ዲኑ የተረጎመውን ደግሞ ጥበቃው በር ላይ ቆሞ ይተረጉመዋል። ከሕገ መንግሥቱ እስከ ጥበቃው ድረስ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ በየመታጠፊያው አንድ ቃል ይጨመራል።

የአስተማሪውም ሥጋት ባዶ አይደለም። ፊቷን የማያያትን ተማሪ እንዴት ስም ይጠራል? በፈተና አዳራሽ የተቀመጠችው እሷ ራሷ መሆኗን በምን ያውቃል? ከመሸፈኛው ሥር የጆሮ ማዳመጫ ቢኖርስ? አንቀጽ 90ም አለ፤ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲካሄድ ያዛል። ይህ አንቀጽ ግን በቀጥታ ሲነበብ የሚመለከተው ትምህርቱን ነው፤ ማለትም መጽሐፉን፣ መምህሩን፣ አስተዳደሩን። የተማሪውን አንገትና ራስ ይመለከታል ብሎ መተርጎም ሰፋ ማድረግ ነው። እንዲህ የተተረጎመ ክልከላ ለሁሉም እኩል ይመስላል እንጂ እኩል አይወርድም፤ ማተብና የአንገት መስቀል ሸሚዝ ሥር ይገባሉ፣ ኪርፓንም በሰገባው ተሰፍቶ ልብስ ሥር ይገባል። ሒጃብ ግን የት ይገባል?

ልብስና ታማኝነትን አንድ አድርጎ ማየት በወሎ ምድር ያስከፈለውን ዋጋ ታሪክ መዝግቦታል። ከደሴ ብዙም በማይርቀው ቦሩ ሜዳ፣ በ1870 ዓ.ም. አጼ ዮሐንስ 4ኛ ጉባኤ ሠርተው የቤተ ክርስቲያኑን የሃይማኖት ክርክር ከዘጉ በኋላ፣ የወሎ ሙስሊም ባላባቶችና ሹማምንት እንዲጠመቁ አዘዙ። ከነዚህ አንዱ ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱ የክርስትና አባት ሆኗቸው። ኋላ ራስ፣ ከዚያም ንጉሥ ሆነው ደሴን መቀመጫቸው ያደረጉት እኚሁ ናቸው። ሁሉም ግን እንደሳቸው አልተጠመቀም። ሼህ ጦልሃ ጃዕፈርን የመሳሰሉ ዑለማ አመፁ፤ ብዙ ሰው ተሰደደ። ቀሪው ቀን ቀን ክርስቲያን፣ ሌት ሌት እስላም ሆኖ ኖረ። ቀን በአንገቱ ላይ የታሰረው ማተብ ለሹሙ የሚታይ ነበር፤ ሌሊት እንዴት እንደሚሰግድ ማተቡ አልተናገረም። ትእዛዙ ያመጣው እምነትን ሳይሆን ታይታን ነበር ማለት ይቻላል።

የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ ልጅ ኢያሱም በልብስ የተፈረደባቸው ሰው ናቸው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ዋናው ክስ ሰለሙ የሚል ነበር። ጥምጥም አስረው የሚታዩበት ፎቶግራፍ እንደ ማስረጃ ይወራ ነበር፤ እውነተኛነቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። አባታቸው ጦር አስከትተው ወደ ሸዋ ዘመቱ፤ ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። መቼም ጥምጥም ራስ ላይ የሚታሰር ጨርቅ ነው፤ ቄሱም ሼሁም ያስሩታል።

ከዚያ የተወሰነ ዘመን እንዝለል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ የወጣው ግዙፍ ሰልፍ ከጠየቃቸው ነገሮች አንዱ የስም ጉዳይ ነበር፤ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ሳይሆን «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» ተብለው መጠራት። ከወራት በኋላ በመጣው የደርግ ሥርዓት የእስልምና በዓላት የሕዝብ በዓል ሆኑ። ከ1983 በኋላ የሃይማኖት መጻሕፍትና የሐጅ ጉዞ በር ሲከፈት፣ ሒጃብ በከተማ ወጣት ሴቶች ዘንድ ከቀድሞው ይበልጥ ታየ። የወሎ እናቶች ግን ቀድሞም ራሳቸውን ይሸፍኑ ነበር፤ ሻሽና ነጠላ ነበር መሸፈኛቸው፣ ክርስቲያኗም ሙስሊሟም።

ዛሬ ደሴ ላይ ይህን ጉዳይ ያነሳ ሰው «ወሎ እኮ ተቻችሎ ነው የሚኖር፣ እንዲህ ያለ ነገር አናውቅም» የሚል መልስ ያገኛል። እውነት አለው፤ ባንድ ቤት ሁለት ሃይማኖት ያለበት፣ ሰርግና ለቅሶ የማይለያይበት አገር ነው። ነገር ግን ይህ ንግግር ሁለት ስለት አለው። አንዳንዴ «አብረን እንኖራለን» ማለት ሲሆን፣ አንዳንዴ ደግሞ «አትለዩብን፣ አትታዩብን» ማለት ይሆናል። የአያቷን ነጠላ የሚያከብር ሰው የልጅ ልጇን ሒጃብ «ከውጭ የመጣ» ብሎ ሲያጣጥል፣ መቻቻሉ የቆመው በለመደው ጨርቅ ላይ ብቻ ነው።

በቅርቡ አገር ያነጋገረው ክርክር ከወሎ አልመጣም፤ ከአክሱም ነው የመጣው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የከተማዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒጃብ የለበሱ ተማሪዎችን ከለከሉ። የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት 159 ተማሪዎች ለብሔራዊ ፈተና መመዝገብ እንዳልቻሉ አስታወቀ። የክልሉ ትምህርት ቢሮ መመሪያው ሒጃብን አይከለክልም ቢልም በሮቹ አልተከፈቱም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ የአክሱም ፍርድ ቤት ክልከላውን በጊዜያዊነት አገደ። ጥር 13 ቀን መቀሌ ላይ ሰልፍ ተደረገ። የላይኛው መመሪያ የፈቀደውን የታችኛው በር እንዴት መከልከል እንደቻለ ያን ሰሞን ብዙዎችን ያስገረመ ነበር። የመመሪያንና የበርን ርቀት ያየ ሰው ግን ብዙም አይገረምም።

ኬንያም ይህን አልፋበታለች። በአንድ ትምህርት ቤት ሒጃብ ይፈቀድ የሚል የይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ውሳኔ እ.ኤ.አ. በ2019 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሽሯል፤ ዳኞቹ ግን ትምህርት ቤቱ ከወላጆች ጋር ተመካክሮ ለእምነት ቦታ የሚሰጥ የልብስ ደንብ እንዲያወጣ አሳስበዋል።

በኮምቦልቻ ሌላ ጎን አለ፤ ፋብሪካው። ከተማዋ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አላት፣ ከ2009 ወዲህ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ። በሚሽከረከር ማሽን አጠገብ የሚንጠለጠል ነጠላ ለሠራተኛዋ አንገት አደጋ ነው፤ የክርስቲያንም ይሁን የሙስሊም። እዚህ ላይ «ሻሽሽን አጥብቀሽ እሰሪ» የሚል ደንብ ማንም አይቃወምም፤ ደንቡ የሚናገረው ስለ ማሽኑ ነው እንጂ ስለ እምነቷ አይደለም። በር ላይ የሚነሳውን ክርክር ለመመዘን ከዚህ የተሻለ መለኪያ አይገኝም፦ ደንቡ የሚናገረው ስለ ጉዳቱ ነው ወይስ ስለ ሴትዮዋ?

ኒቃብም በዚህ መለኪያ ይመዘን። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ይፈተናሉ፤ ስልክና ኤሌክትሮኒክስ በር ላይ ይቀራል፣ ፍተሻም አለ። የማንነት ማጣሪያው አስፈላጊነት እዚህ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ለማጣራት አንዲት ሴት ፈታሽ፣ አንድ መጋረጃና ሁለት ደቂቃ ይበቃል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የፋይዳ መታወቂያ ከፊት ፎቶ ሌላ የ10 ጣት አሻራና የዓይን ብሌን ምስል ይይዛል። «ማን መሆንሽን ማወቅ አለብን» የሚለው ምክንያት መልስ ሲያገኝ፣ ግቢውን ሙሉ ቀን፣ ዓመቱን ሙሉ የሚዘጋው ክልከላ ሌላ ምክንያት ይዞ መቅረብ ይኖርበታል። አንቀጽ 27(5) የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ የሞንትሪያሉን ቦርድ የጠየቁትም ዳኞች ሌላ ነገር አልጠየቁም።

የወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግቢ አለው፤ በሁለቱ መካከል 25 ኪሎ ሜትር የማይሞላ ቁልቁለት አለ። በፈተና ሰሞን በር ላይ ረጅም ሰልፍ ይሆናል፤ ክረምቱም ሊገባ ነውና ነጠላውም ሒጃቡም ይረጥባል።