በመድኃኒት ሙከራ ጥናት የእርግዝና መከላከያ ግዴታ፤ ምክንያቱና መዘዙ

አዲስ መድኃኒት በሰው ላይ በሚሞከርበት ጊዜ ተካፋይ ለመሆን የፈቀደች ሴት በቅድሚያ ከምትጠየቃቸው ነገሮች አንዱ ማርገዝ የምትችል መሆን አለመሆኗ ነው። የምትችል ከሆነች የእርግዝና ምርመራ ይደረግላታል፤ ጥናቱ እስኪፈጸም፣ አንዳንዴም ከዚያ በኋላ፣ በአስተማማኝ መከላከያ ለመጠቀም ትስማማለች። ማኅፀኗ በቀዶ ሕክምና የወጣ ወይም ያለ ሌላ ምክንያት ለ12 ወራት የወር አበባዋ የተቋረጠና ያረጠች ሴት ግን ግዴታው አይመለከታትም። (መታቀብ የኑሮዋ ሥርዓት ለሆነ፣ ለምሳሌ ለመነኵሲት፣ በብዙ ጥናቶች መታቀቡ ራሱ ይበቃል።) ጥያቄው ምስጢርን የሚነካ በመሆኑ እንደ ድፍረት ሊቈጠር ይችላል፤ ምክንያቱን የሚያስረዳ መምህር የሚያስፈልገውም ስለዚሁ ነው።

ምክንያቱ ከሥነ ሕይወት ትምህርት የራቀ አይደለም። የፅንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚበቅሉበት የነርቭ ቧንቧ ከፅንሰት በኋላ በ28ኛው ቀን ገደማ ይዘጋል። በዚያን ጊዜ የእናቲቱ የወር አበባ ከዘገየ ገና ሁለት ሳምንት ያህል ቢሆነው ነው። ስለዚህ «ካረገዝሁ አቆማለሁ» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል። የወንድ ዘር ደግሞ ተሠርቶ እስኪያልቅ ከሁለት ወር በላይ ይፈጃል፤ ዘርን ሊጎዳ የሚችል መድኃኒት የሚወስድ ወንድም ከመጨረሻው መጠን በኋላ ለ3 ወራት ያህል እንዲጠነቀቅ ይታዘዛል። ጉዳዩን የሴቶች ብቻ አድርጎ ማስተማር ስለዚህ ጎደሎ ነው።

የጥንቃቄው መነሻ ታሊዶማይድ ነው። ይህ መድኃኒት በምዕራብ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1957 ለገበያ ቀርቦ በ1961 እስኪወጣ ድረስ በልዩ ልዩ አገሮች በሺሕ የሚቈጠሩ ሕፃናት እጅና እግራቸው ጎድሎ ተወለዱ። በ1977 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ማርገዝ የሚችሉ ሴቶችን፣ መከላከያ የሚወስዱትን እንኳ ሳይለይ፣ ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ደረጃዎች በአብዛኛው አገለለ፤ መመሪያውን ያነሣው በ1993 ነው።

ማግለል ግን አደጋውን አያጠፋውም፤ ከጥናት ክፍል ወደ ጤና ጣቢያ ያዛውረዋል እንጂ። በ2018 በቦትስዋና፣ ዶሉቴግራቪር የተባለውን የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት እየወሰዱ ካረገዙ 426 እናቶች 4ቱ የነርቭ ቧንቧ ጉድለት ያለበት ፅንስ እንደነበራቸው ተገለጸ። ነፍሰ ጡሮች በሙከራው ስላልነበሩ ቍጥሩ የሚመዘንበት በቂ መረጃ አልተገኘም፤ በበርካታ አገሮችም ሴቶች መድኃኒቱን ለማግኘት መከላከያ እንዲወስዱ ተጠየቁ። መረጃው ሲበዛ የሥጋቱ መጠን ቀነሰ፤ በ2019 የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቱን ማርገዝ ለሚችሉ ሴቶችም ተመራጭ አደረገው።