በየትኛው በር ገቡ?

(የባቡር ፊሽካ፤ የወደብ ጫጫታ)

ተራኪ፦ በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ከፓሪስ በኦሪየንት ኤክስፕረስ የመጣ ባለጸጋ ኢስታንቡል ሲርኬጂ ጣቢያ ሲደርስ እግሩ ጭቃ አይነካውም። ሰዎች በሚሸከሙት ሽፋን ያለው ወንበር ተቀምጦ፣ ወርቃማው ቀንድ በተባለው የባሕር ወሽመጥ ላይ ያለውን ድልድይ ተሻግሮ፣ ፔራ ፓላስ ሆቴል በር ላይ ይወርዳል። ወንበሩ ኋላ የሆቴሉ ጌጥ ሆነ።

ሆቴሉ የተሠራው ለዚህ ባቡር እንግዶች ነው። በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1895 በዳንስ ግብዣ ሲመረቅ የኤሌክትሪክ ሊፍት ነበረው፤ ከቧንቧው ሙቅ ውሃ ይወርዳል። እንግዳው ኢስታንቡል ገብቶም ከፓሪስ የወጣ እንዳይመስለው ታስቦ የተሰናዳ ቤት ነው።

እንግዶች ዛሬም የሚያወሩት ስለ ክፍል ቁጥር 411 ነው፤ የደራሲዋ የአጋታ ክሪስቲ ክፍል እየተባለ ይጠራል። በ1979 ሙታንን አነጋግራለሁ የምትል አንዲት አሜሪካዊት የደራሲዋ ምስጢር እዚያ ወለል ሥር አለ አለች። ቢቆፈር አሮጌ ቁልፍ ተገኘ ይባላል። ቁልፉ ለሆቴሉ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ሠርቶለታል። በማርች 1941 ከቡልጋሪያ የወጡ የእንግሊዝ ዲፕሎማቶች ሻንጣ ውስጥ የነበረ ቦምብ እዚሁ ፈንድቶ ሰው መግደሉን ግን ብዙ ጎብኚ ሳይሰማ ይሄዳል። ተረቱ ሳይሻል አይቀርም፤ ለእንቅልፍም ይመቻል።

(አዛን ከሩቅ)

ከወርቃማው ቀንድ ማዶ ሃጊያ ሶፊያ አለች። ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ፣ ያው ለአክሱሙ አፄ ካሌብ መልእክተኛ የላከው፣ በ532 አስጀምሮ በ537 አስመረቃት። ጉልላቷ ወደ 31 ሜትር ይሰፋል፤ ከወለሉ ወደ 55 ሜትር ይርቃል። በሥሩ የተደረደሩት መስኮቶች ብርሃን ስለሚያስገቡ ግዙፉ ጉልላት የተደገፈ ሳይሆን የተንሳፈፈ ይመስላል።

ሁሉም ግን አልተደነቀባትም። አሜሪካዊው ማርክ ትዌይን በ1867 ጫማውን አውልቆ ገብቶ፣ ብርዱንና ቆሻሻውን አማርሮ፣ ዝናዋ ከልክ ያለፈ ነው ብሎ ጻፈ። እግሩ የበረደው ሰው ቀና ብሎ ጉልላት እንዲያይ መጠበቅ ይከብዳል።

በ1453 መስጊድ፣ በ1930ዎቹ ሙዚየም፣ በ2020 ደግሞ እንደገና መስጊድ የሆነችው ሃጊያ ሶፊያ ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ ሰውን በሁለት በር ታስተናግዳለች። ሰጋጁ በነፃ ወደ ወለሉ ይገባል። የውጭ አገር ጎብኚ 25 ዩሮ ከፍሎ ወደ ሰገነቱ ይወጣል፤ አውራ ጣትን ከትቶ ማዞር የተለመደበት የምኞት ዓምድ ከታች ቀርቶበታል። ቅሬታው ብዙ ነው፤ እኔ ግን ሰገነቱ አያስቆጭም ባይ ነኝ። ክርስቶስን በእናቱና በመጥምቁ ዮሐንስ መካከል የሚያሳየው የ13ኛው መቶ ዘመን ሞዛይክ ያለው እዚያ ነው። በእብነ በረዱ መደገፊያ ላይ ደግሞ ከሰሜን አውሮፓ የመጣ አንድ ሰው፣ ምናልባት በዘመኑ ንጉሠ ነገሥት የተቀጠረ ወታደር፣ ከሺህ ዓመት በፊት «ሩን» በሚባለው የአገሩ ፊደል ስሙን ቀርጿል። አብዛኛው ደብዝዟል፤ ሊቃውንት ሃልፍዳን ብለው አንብበውታል። ወደደው ይሁን ሰለቸው አልጻፈም፤ መምጣቱን ብቻ።

(የትራም ደወል)

ከዚህ ወደ ላሌሊ ሰፈር በትራም ሦስት ፌርማታ ነው። ከአዲስ አበባ ልብስ ሊያመጡ የሚሄዱ ነጋዴዎች የሚያውቋት ኢስታንቡል ይህች ናት። እዚህ ሆቴል የሚመሰገነው በሻንዴሊየሩ አይደለም፤ ለጅምላ ሱቆቹና ለካርጎው ቅርብ ከሆነ፣ ማዳበሪያውን የሚያስቀምጡበት ቦታ ካለ፣ በቂ ነው። የሃጊያ ሶፊያን ትኬት ዋጋ የሰማ ነጋዴ መጀመሪያ የሚያሰላው 25 ዩሮ ስንት ኪሎ እንደሚያስጭን ነው። ከአደባባዩ ፎቶ መነሳት በነፃ ስለሆነ ብዙው እዚያው ተነስቶ በመጣበት ትራም ይመለሳል፤ ሱቆቹ ሳይዘጉ የሚደርስበት ዕቃ አለው።