ራስን ስለ መላጨት፤ ጠጕሩ ለሳሳበት ሰው

በአገራችን የሰው ራስ ጠጕር ዝም ብሎ የበቀለ ነገር አይደለም፤ ይናገራል። ለልጆች ቍንጮና ጋሜ፣ ለኮረዳይቱ ሳዱላ፣ ለእመቤቲቱ ሹሩባ፣ ለጦረኛው ጎፈሬ እየተባለ፥ ሰው ገና ስሙን ሳይናገር ዕድሜውና ማዕርጉ ከራሱ ላይ ይነበብ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስም ዐፄ ዮሐንስም በሥዕላቸው ጠጕራቸውን ተሠርተው ይታያሉ፤ ዳግማዊ ምኒልክን ደግሞ በፎቶግራፋቸው ብዙ ጊዜ ራሳቸውን በሻሽ አስረው እናያቸዋለን። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ከሞቱ በኋላ የጠጕራቸው ዘለላ ተቈርጦ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ ነበር፤ ከ150 ዓመት በኋላ በመጋቢት ወር 2011 ዓ.ም. በለንደን የሚገኘው የጦር ሠራዊት ቤተ መዘክር ለኢትዮጵያ መልሶታል። ስለ አንድ እፍኝ ጠጕር ሁለት አገሮች ይህን ያህል ከተነጋገሩ፥ አንድ ተራ ሰው ከመስተዋት ፊት ቆሞ ስለ ራሱ ጠጕር ቢያዝን የሚያስደንቅ አይሆንም።

ይህንንም ማንሣታችን ወንድ ልጅ ወደ አርባ ዓመት ሲጠጋ በጸጥታ ስለሚደርስበት አንድ ነገር ለመነጋገር ነው። ጠጕሩ አስቀድሞ ከግንባሩ ግራና ቀኝ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ቀጥሎም መኻል አናቱ ይሳሳል። ባለቤቱ ከእርሱ በፊት ታየዋለች፤ ግን አትናገርም። እርሱም ካስተዋለው በኋላ አይናገርም። የቀረውን ጠጕር አሳድጎ ከአንድ ጆሮ ወደ ሌላው አስተኝቶ ያበጥራል፤ የጅማ ካፊያ ሲመታው ግን የተበጠረው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይወድቅና የተሸፈነው ይገለጣል። ከዚያ ባርኔጣ ይገዛል። ባርኔጣ በገበያም በቡና ማሳም መልካም ነው፤ ነገር ግን ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ሲደርስ ወንድ ራሱን መግለጥ ስለሚገባው፥ ሳምንቱን ሁሉ ተሰውሮ የከረመው በእሑድ ጧት በምእመናን ፊት ይታያል። በዚህ ምክንያት ከዐምድ ኋላ ተሸሽገው የሚያስቀድሱ፥ አንዳንዴም ላለመምጣት ሰበብ የሚፈልጉ ሰዎችን እናውቃለን። ነገሩ ቀላል ቢመስልም ሰውን ከማኅበሩ የሚለይ ከሆነ እንግዲህ ቀላል አይደለም።

ታዲያ ራሰ በራነት ነውር ነውን? ቅዱሳት መጻሕፍትን የመረመረ ሰው እንዲህ አይልም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 ካህኑ የቆዳን ደዌ እንዴት እንደሚለይ በዝርዝር ተጽፏል። በዚያም ስፍራ የራሱ ጠጕር ከኋላም ሆነ ከፊት ያለቀበት ሰው ንጹሕ እንደ ሆነ ተነግሯል፤ ርኵስ የሚባለው በበራው ላይ ቍስል ሲወጣ ብቻ ነው። ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት የተሰጠው ሕግ የጠጕርን ማለቅ ከደዌ መለየቱን ልብ ይሏል። ነቢዩ ኤልሳዕም ራሰ በራ ነበር፤ ወደ ቤቴል ሲወጣ ልጆች ስለ ራሱ እንደ ተሳለቁበትና ምን እንደ ደረሰባቸው በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 2 እናነባለን። ነቢዩን ጠጕር ማጣቱ አላሳነሰውም፤ ልጆቹን ግን ስድነታቸው ጎዳቸው። በአንጻሩ አቤሴሎም በዓመት አንድ ጊዜ ሲቈረጠው ጠጕሩ 200 ሰቅል ይመዝን ነበር፤ ሆኖም በሽሽቱ ጊዜ ራሱ በዛፍ ተይዞ ተንጠልጥሎ ቀረ። እንግዲህ የሰው ክብር በጠጕሩ ሚዛን የሚለካ አይደለም።

የዘመኑ ሐኪሞችም ነገሩን አብራርተውታል። በሰው ራስ ላይ 100,000 ያህል ጠጕር አለ፤ እያንዳንዱ ከ2 እስከ 6 ዓመት አድጎ ይረግፋል፤ በስፍራውም ሌላ ይተካል። ስለዚህ በጤነኛ ሰው ላይ እንኳ በቀን ከ50 እስከ 100 የሚሆን ጠጕር ቢረግፍ የተለመደ ነው። ችግሩ የሚመጣው ተተኪው ከቀዳሚው እየቀጠነና እያጠረ ሲሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ጄምስ ሃሚልተን የተባለ አሜሪካዊ የአካል ሊቅ፥ ለአካለ መጠን ሳይደርሱ የተሰለቡ ወንዶች ራሰ በራ እንደማይሆኑ፥ ከእነርሱ መካከል በዘራቸው ራሰ በራነት ያለባቸው ግን ቴስቶስቴሮን የተባለው የወንድነት ሆርሞን ሲሰጣቸው ጠጕራቸው እንደሚያልቅ አስረዳ። ይህ ሆርሞን በሰውነት ውስጥ ተለውጦ ጠጕር የሚበቅልበትን ጕድጓድ እንደሚያጠብበው በኋላ ታውቋል። ስለዚህ የጠጕር መሳሳት ከባርኔጣ፣ ራስን ከመታጠብ ወይም ከሰው ዓይን የሚመጣ አይደለም። ከእናት ወገን ብቻ ይወረሳል የሚባለውም ትክክል አይደለም፤ ከአባትም ከእናትም ይወረሳል።

ይሁን እንጂ የጠጕር መርገፍ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳይመስለን። እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ በድንገት የሚመለጠው ላሽ ነው፤ ይህ ሌላ በሽታ ነው። በልጆች ራስ ላይ ቅርፊት እያበጀ ጠጕሩን የሚሰባብረው ቆረቆር ነው፤ እርሱም ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል፥ በሚዋጥ መድኃኒትም ይድናል። ከብርቱ ትኩሳት ወይም ከወሊድ በኋላ በሁለት ወይም በሦስት ወር ጠጕር በብዛት ሊረግፍ ይችላል፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይመለሳል። የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ መታወክ፣ ለሴቶችም አጥብቆ መሠራት ጠጕርን ያሳሳሉ። ስለዚህ ማሳከክ፣ ቍስል ወይም ድንገተኛ መርገፍ ያየ ሰው ምላጭ ከማንሣቱ በፊት ወደ ሐኪም ይሂድ።

ስለ መድኃኒቱም እውነቱን መናገር ይገባል። ለጋ ቅቤ ጠጕርን ያለሰልሳል እንጂ ያለቀውን አያበቅልም። ነጭ ሽንኩርት እየፈተጉ ራስን ማሸት ቆዳን ያቃጥላል። በሕክምና የተፈተኑት በተለይ ሁለት ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ ለዚህ ጉዳይ የተፈቀደው የሚቀባው ሚኖክሲዲልና በ1997 የተፈቀደው የሚዋጠው ፊናስተራይድ። ሁለቱም ለአንዳንዱ ይረዳሉ፤ ነገር ግን ሰው መጠቀሙን ባቋረጠ ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ ያተረፈው ጠጕር ተመልሶ ይሄዳል። ፊናስተራይድን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መውሰድ አይገባም፤ እርጉዝ ሴትም የተሰበረውን እንክብል እንኳ መንካት የለባትም።

በቡና አገር የምንኖር ሰዎች በተለይ የምንሳሳትበት አንድ አሳብ አለ። በአጋሮም በሊሙ ገነትም በጌራም ገበሬው አሮጌውን የቡና ተክል ከመሬት 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ያህል አስቀርቶ ይጐነድለዋል። ሲጐነድለው ያዝናል፤ ነገር ግን ጕቶው ያቆጠቍጥና ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ እንደ ወጣት ተክል ያፈራል። ይህን ያየ ሰው፥ ራስም ቢላጭ ጠጕሩ ወፍሮና በዝቶ ይወጣል ብሎ ተስፋ ያደርጋል። ነገር ግን ምሳሌው አይገጥምም። የቡናው ጕቶ ሕይወት ያለው አካል ነውና ከቍጥቋጦው ይታደሳል፤ ምላጭ የሚቈርጠው የጠጕር ዘንግ ግን ሕይወት የለውም፥ ሕይወቱ ከቆዳ በታች ነውና ምላጭ አይደርስበትም። ሚልድረድ ትሮተር የተባለች አሜሪካዊት ሊቅም እ.ኤ.አ. በ1928 የሚላጩ ወንዶችን ጢም መርምራ፥ መላጨት ጠጕርን እንደማያወፍርና እንደማያፈጥን አስታውቃለች። ስለዚህ የሚላጭ ሰው ጠጕር ፍለጋ አይላጭ፤ ዕረፍት ፍለጋ ይላጭ።

ዕረፍት ይሁን እንጂ በአገራችን የተላጨ ራስ ሌላ ወሬ ይዞ ይሄዳል። ኢዮብ ልጆቹ ባለቁ ጊዜ ራሱን እንደ ተላጨ፥ በእኛም ዘንድ የሞተበት ሰው ጠጕሩን ይላጭ ነበር፤ ዛሬም በገጠሩ ይህ ልማድ ጨርሶ አልጠፋም። መነኵሴ ዓለምን ሲተው ጠጕሩን ተቈርጦ ቆብ ይደፋል። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ስለቱ በክንክራኦስ ራሱን ተላጨ። በጅማ የሚኖሩ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ለሐጅ ሲሄዱ ራሳቸውን ይላጫሉ። ያለ ኀዘን፣ ያለ ምንኵስና፣ ያለ ስለት የተላጨ ሰው ግን ምን እንደ ሆነ ለሚያየው ሁሉ እንቈቅልሽ ነው።

እኛም በዚሁ መንገድ አልፈናል። ከሁሉ አስቀድመን ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወደ አጋሮ፥ ለእናታችን መልእክት ላክን፤ ሁላችንም ደኅና እንደ ሆንን፥ የምንላጨው ጠጕራችን ስለ ሳሳ ብቻ እንደ ሆነ ነገርናቸው። ያረጀች እናት የልጅዋን የተላጨ ራስ በድንገት ያየች እንደ ሆነ ሳትጠይቅ ታለቅሳለችና። በቅዳሜ ቀን ከጠጕር ቈራጩ ዘንድ ስንቀመጥ፥ ወጣቱ ቶንዶሱን ይዞ ጥቂት ቆመና፥ «መምህር፥ ኀዘን አገኝዎት እንዴ?» ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀን። «የለም፤ ጠጕሩ ሊሄድ ስለ ቈረጠ፥ በወጉ እንሸኘው ብለን ነው» አልነው። ሳቀና ከመኻል አናት ጀመረ፤ ከመኻል የተጀመረ ሥራ ወደ ኋላ አይመለስምና።

በዚያው ምሽት አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከደጃችን ደረሱ፤ ከመንገድ ሲያልፉ አይተውን ኖሯል። «ምነው ልጆቼ፥ ሳትነግሩን ቀበራችሁ?» አሉ። ባለቤታችን ነገሩን አስረድታ አስቀመጠቻቸውና ቡና ቈላች። ሴትዮዋም ነጠላቸውን መልሰው ለብሰው ሦስተኛውን ስኒ እስኪጠጡ ድረስ ሳቃቸው አላቆመም። ሰኞ በትምህርት ቤት ተማሪዎቹ በአንድ ጊዜ ጸጥ አሉ፤ እኛም ጠጕር በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል እንደሚያድግ አስተምረን፥ ስንት ወር ብንተወው ስንት እንደሚሆን አስላናቸው። ከሒሳቡ በኋላ ስለ ራሳችን የሚያወራ አልነበረም።

ከሁሉ የከበደው ግን አጋሮ የሄድን ዕለት የሆነው ነው። እናታችን ራሳችንን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም፥ «ይህስ የአባትህ ራስ ነው፤ ካረፈ ወዲህ አላየሁትም ነበር» አሉን። እኛ ከመስተዋት ፊት ያየነው የጐደለውን ነበር፤ እርሳቸው ግን የቀረላቸውን አዩ። ስለ ውርስ ከመጻሕፍት ያነበብነው ሁሉ ይህን ያህል አላስተማረንም።

ለመላጨት ያሰበ ሰው እነዚህን ይጠብቅ። ምላጩ በፊቱ የተከፈተ አዲስ ይሁን፤ ለሌላ ሰው የዋለ ምላጭ ኤች አይ ቪንና የጉበት በሽታን ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ሄፓታይተስ ቢ የተባለው ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ሰባት ቀን ያህል ሳይሞት ሊቈይ ይችላልና። ቶንዶሱም በአልኮል ይጠረግ። ጠጕሩ አስቀድሞ በቶንዶስ ይጠር፤ ራሱ በሞቀ ውኃና በሳሙና ይለስልስ፤ ምላጩም ጠጕሩ ወደ ተኛበት አቅጣጫ ይሂድ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ያለች ናትና የደጋው ፀሐይ ፀሐይ ለማያውቀው ቆዳ ብርቱ ነው፤ ቡና ያለ ዋንዛ ጥላ እንደሚጠወልግ፥ አዲስ የተላጨ ራስም ባርኔጣ ይፈልጋል። ልዩነቱ፥ ባርኔጣው ከእንግዲህ ለፀሐይ እንጂ ለኀፍረት አይደለም።

ቤተ ሰብም የበኩሉን ያድርግ። ሚስት ዝም ከማለት ይልቅ በፍቅር ትናገር፤ ልጆች በማንም ራስ ላይ እንዳይሳለቁ የኤልሳዕን ታሪክ ይስሙ። ጠጕሩ እንዳለ ማቈየት የፈለገም ይተወው፤ መላጨት ግዴታ አይደለም። እናንተም የተላጨ ሰው ያያችሁ እንደ ሆነ አስቀድማችሁ ደኅንነቱን ጠይቁት፤ ኀዘን ከሆነ አጽናኑት፤ ካልሆነም ባርኔጣውን አኑሮ አብሯችሁ ቡና ይጠጣ።